በሩ ካልተዘጋ

ስመኝ ቤቷ የምትገባው እኩለ ቀን ላይ ነው። ከእሷ በፊት ቤቱ የሙዲን ነው፤ ከእሷ በኋላ የጋሽ አጥናፉ። አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ ሦስት ፈረቃ። በከተማው ውስጥ ሙሉ ቀን የራሱ ቤት ያለው ሰው አለ ይባላል። አየሁ የሚል ግን የለም፤ የሚወራው ሁልጊዜ ስለ ሰው ዘመድ ነው።

ርክክቡ ደረጃው ላይ ይጀምራል። ተረካቢው ትራሱን በብብቱ ይዞ ይቆማል። ከውስጥ ግድግዳው በለሰለሰ የሴት ድምፅ «ክቡራን ባለፈረቃዎች፣ ቤቱን ለተረካቢ ያዘጋጁ» ይላል። አስረካቢው አንሶላውን ገፎ፣ ድስቱን አጥቦ፣ ሣጥኑን ቆልፎ ይወጣና ዞር ብሎ በሩን በገዛ እጁ ይዘጋል። በሩ ቀጭ ሲል ቤቱ የእሱ መሆኑ ያበቃል። ተረካቢው አውራ ጣቱን አስነክቶ ይገባል። ሲተላለፉ እንደ ማንኛውም ጎረቤት ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ውስጥ ተረስቶ የቀረ ዕቃ የሕንፃው ነው፤ ስለዚህ እናቶች ከመውጣታቸው በፊት የሕፃን ካልሲ እንዳይቀር አልጋ ሥር በእጃቸው ይዳብሳሉ።

የወጥ ጠረን ግን ርክክብ አያውቅም። ስመኝ ቀትር ላይ ስትገባ የሙዲን ሚስት ሰሚራ የሠራችው ምስር ክክ ይቀበላታል። አንዳንድ ቀን ጠረኑ ብቻ ሳይሆን ራሱ ምስሩ መስኮቱ ደፍ ላይ ሰሐን ተከድኖበት ይጠብቃታል። ሕጉ ይህን የተረሳ ንብረት ይለዋል። ሰሚራ ረስታ አታውቅም። ስመኝም ሕንፃው ሳይደርስበት ትበላዋለች።

የቀትሩ ፈረቃ ርካሽ ነው፤ ሙቀት ስላለው ከተማሪ በቀር የሚፈልገው የለም። ስመኝ ከሰዓት ተኝታ ሲመሻሽ ትወጣና የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ታድራለች። የምትማረው የማይንቀሳቀስ ንብረት ሕግ ነው፣ ሁለተኛ ዲግሪ፣ የመጨረሻ ዓመት። ውዱ ፈረቃ የሌሊቱ ነው። ጋሽ አጥናፉ ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ነድተው የገዙት እሱን ነው። ደረጃው ላይ ሰዎች «በጨለማ የሚተኛው ሰውዬ» ይሏቸዋል፤ ባለጸጋው ለማለት።

ሲመሻሽ ስመኝ በሩን ዘግታ ዞር ስትል ጋሽ አጥናፉ ከሚስታቸው ከእትዬ ጠጂቱ ጋር ትራስ ይዘው ቆመው ታገኛቸዋለች።

«ዛሬስ ምን ተማርሽ?» ይሏታል።

ስመኝ አንድ አንቀጽ መርጣ ባጭሩ ታስረዳቸዋለች። አቀርቅረው ያዳምጣሉ።

«ከዚህ ውስጥ ለእኛ የሚሆን አለ?»

«የለም ጋሼ።»

«ፈልጊያ እንግዲህ! ትምህርት ቤት የላክንሽ ለዚህ አይደል?»

የላኳት እሳቸው አልነበሩም። ስመኝ ግን አንድም ቀን አላረመቻቸውም።

የመመረቂያ ጽሑፏን ርዕስ ለሴሚናሩ ያቀረበች ቀን ክፍሉ ውስጥ ብዙ ሳቅ ነበር። በዚያ ክፍል ሳቅ እንግዳ አይደለም። መምህራቸው ዶክተር ይርጋ ስለ ድሮው የዘጠና ዘጠኝ ዓመት ሊዝ ሲያስተምሩም ተስቋል፤ የሊዙ ዘመን በየትውልዱ እያጠረ መጥቶ ወር ሲደርስ፣ ከዚያም ቀኑ ራሱ ሲሸነሸን የሚያሳየውን ሥዕል ተማሪዎቹ እንደ ቀልድ ነው ያዩት።

የስመኝ ርዕስ የባለፈረቃ ሞት ነበር።

«ስመኝ፣» አሉ ዶክተር ይርጋ በደግነት፣ «ይህ የሁለት አንቀጽ ጉዳይ ነው። አንደኛው ምን ይላል? የሟች ፈረቃ ከሞቱ በኋላ በሚደረገው የመጀመሪያ ርክክብ ወደ ሕንፃው ባለቤት ይመለሳል። ሁለተኛው፣ ርክክብ የሚፈጸመው ባለፈረቃው ወይም ቤተሰቡ በሩን በገዛ እጁ ሲዘጋ ነው። በገዛ እጁ የተባለው ለምንድን ነው?»

«ማንም በኋላ ተገፍቼ ወጣሁ እንዳይል ነው፤» አለ ከፊት የተቀመጠ ተማሪ።

«ጎበዝ። ትተውት ከወጡ ደግሞ የሕንፃው ባለቤት ይዘጋዋል፤ ራሳቸው እንደዘጉት ይቆጠራል። አለቀ። ሰው ይሞታል፣ ጧት ተረካቢ ይመጣል፣ በሩ ይዘጋል። ምኑን ነው የምትጽፊው?»

«በሩ ካልተዘጋስ?» አለች ስመኝ።

«ድምፅሽን ጨምሪ፣ አንሰማሽም።»

«በሩ ካልተዘጋ።»

«በሩ የማይዘጋ ቤት የት አለ?» አለ ያው ተማሪ፤ ክፍሉ ሳቀ።

ስመኝ መለሰች። መልሷን የሰማ ግን አልነበረም፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ ታየ። ያለችው «ለቅሶ ቤት» ነበር።

ለቅሶ ከቤት የወጣው እሷ ሕፃን ሳለች ነው። አሁን ሰው ሲሞት አስከሬኑ ፈረቃው ሳያልቅ ይነሣል። ሐዘንተኞች ምድር ቤት ባለው አዳራሽ በሰዓት ኪራይ ይቀመጣሉ፤ እዚያም ግድግዳው በዚያው በለሰለሰ ድምፅ «ክቡራን ሐዘንተኞች፣ አዳራሹን ለተረካቢ ያዘጋጁ» ይላል። ስመኝ አባቷን ያለቀሰችው እዚያ ነው። ግድግዳው ሲናገር እናቷ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ስትነሣ፣ በበሩ ደግሞ ሌሎች ሐዘንተኞች ሲገቡ አይታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ለቅሶ ቤት በሩ እንደማይዘጋ እንዴት እንደረሱት ስታስብ ኖራለች። የረሱት ከሩቅ አገር ስለገለበጡት ይሆናል። ወይም ለቅሶ ደርሰው ስለማያውቁ።

ቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ላይ ገና ጎሕ ሲቀድ ሙዲን ደወለ።

«ሕጓ፣» አለ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ሲላት እየሳቀ ነው። «ጋሽ አጥናፉ አረፉ። ተኝተው ነው። እትዬ ጠጂቱ ከፍተው ነገሩኝ።»

ስመኝ «በሩ ተዘግቷል?» አለች።

«ምን?»

«በሩን ዘጋችሁት?»

«እግሬ ደፉ ላይ ነው። ሰው ሞቶ ስለ በር ትጠይቂኛለሽ እንዴ?»

«እግርህን እንዳታነሣ። መጣሁ።»

ስትደርስ ሙዲን እንዳለችው ቆሟል። የዘጊውን እጅ እንዲያግዝ የተሠራው የበሩ ሞተር ጫማውን እየገፋ እንደ ንብ ያጉረመርማል። የአሳንሰር ጠጋኝ ነው፤ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ዓይኑ ደም መስሏል። ሰሚራና ሁለቱ ልጆች ደረጃው ላይ ትራስ ላይ ተቀምጠዋል። ግድግዳው ያለማቋረጥ ቤቱን ለተረካቢ እንዲያዘጋጁ ይጠይቃል። እትዬ ጠጂቱ አልጋው ጫፍ ላይ ናቸው፤ የባላቸውን እግር በነጠላ ሸፍነው እጃቸውን ላዩ ላይ አድርገዋል።

መጀመሪያ ዓይኗ የገባችው፣ ስመኝ በኋላ ለመቀበል ብታፍርም፣ ፀሐይዋ ነበረች። በዚያ ቤት ሁለት ዓመት ስትኖር ጧት አይታው አታውቅም። ጨረሩ ቀጥ ብሎ አልጋው ላይ ያርፍ ኖሯል።

ተንበርክካ ለእትዬ ጠጂቱ በጆሯቸው ነገረቻቸው። በሩ እስካልተዘጋ ርክክብ የለም። ርክክብ ከሌለ የጋሽ አጥናፉ ፈረቃ ከእጃቸው አይወጣም። በሩ አንዴ ከተዘጋ ግን በሕጉ ዓይን እሳቸው የሟች ጥገኛ እንጂ ባለፈረቃ አይደሉም፤ ማደሪያቸው ደረጃው ነው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ይቀመጡ። ያልቅሱ።»

«እኔማ ከዚህ የትም አልሄድም ብዬ ነበር።» እትዬ ጠጂቱ ቀና አሉ። «ሕጉም ከእኔ ጋር ነው ነው የምትዪኝ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ይገርማል፤» አሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። በዚያ ደረጃ ላይ እንዲህ ያለ ልቅሶ ከተሰማ ብዙ ዘመን አልፏል።

ስመኝ ወደ ሙዲን ዞረች። «ግን የእናንተም ፈረቃ አይጀመርም። የእኔም። አንተ ደግሞ ሳትተኛ ነው ያደርከው።»

«ቆሜ መተኛት ከፈረስ ተምሬያለሁ፤» አለ ሙዲን። «ሰሚራ! ልጆቹን አስገቢ።»

የሕንፃው ተቆጣጣሪ ናሆም ብዙም ሳይቆይ መጣ። ቆብ ያደረገ፣ ጢሙን የተላጨ፣ ትሑት ወጣት ነው። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ ከልቡ። ምድር ቤት አዳራሹ መዘጋጀቱን፣ የመጀመሪያው ሰዓት ከሕንፃው ስጦታ መሆኑን ነገራቸው።

«እዚሁ እንቀመጣለን፤» አለች ስመኝ።

«ምን አሉኝ?»

«እዚሁ።»

ናሆም የሙዲንን ጫማ አየ። ስመኝን አየ። ሕጉን ያውቃል፤ ገባው። ሕንፃው ሰው አይገፋም፤ በቂ ምክንያት ስላለው ነው፤ የተገፋ ሰው ይከስሳል። ሕንፃው የሚያውቀው መጠበቅ ነው። ናሆምም ደረጃው ላይ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ።

በየፎቁ ርክክብ የሚጠብቁ ሰዎች ልቅሶውን ሰምተው ትራሳቸውን እንደያዙ መጡ። መጀመሪያ ከደፉ ውጪ ቆሙ። ቤት ውስጥ ለቅሶ እንዴት እንደሚገባ የረሱት ብዙ ናቸው፤ ወጣቶቹ ጨርሶ አያውቁትም። አውራ ጣታቸውን በሩ ላይ ለማስነካት የሞከሩም ነበሩ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ሳያንኳኩ ሰተት ብለው ገቡና ትራሳቸውን መሬት ጥለው ተቀመጡበት። ከዚያ ሁሉም ገባ። ወለሉ በትራስ ተሞላ። የት እንደተቀቀለ እንጃ፣ ንፍሮ መጣ። ስመኝ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ተቀመጠች፤ ሞተሩ ትከሻዋን እየገፋ ዋለ።

ቀትር ሲያልፍ ናሆም ጎንበስ ብሎ አነጋገራት።

«ጎበዝ ነዎት፤» አለ። «እውነቴን ነው። ቀብሩ ነገ ነው አይደል?»

«ነገ ነው።»

«እትዬ ጠጂቱም ይሄዳሉ።»

ናሆም በፈገግታ ሳይሆን በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

በዚህች ቅጽበት ለስመኝ ገባት። የሟቹ ቤተሰብ እትዬ ጠጂቱ ብቻ ናቸው። እሳቸው ደፉን ተሻግረው ከወጡ ቤቱ ባዶ ነው፤ ሌላው ሰው መቶ ቢሆን በሕጉ ዓይን እንግዳ ነው። ናሆም ተነሥቶ ይዘጋዋል። ሚስት ደግሞ ባሏ ሲቀበር ቤት አትቀርም፤ የሚያስቀራት ሕግም የለም፣ ቢኖርም እትዬ ጠጂቱ አይሰሙትም። ስመኝ ስለ ለቅሶ ሦስት ምዕራፍ ጽፋለች። ስለ ቀብር አንድ መስመር አልጻፈችም።

ለሙዲን ነገረችው።

«አገር ምድሩን አስበሽ ሰው እንደሚቀበር ረሳሽ?» አለ።

«ረሳሁ።»

«አይ ሕጓ! ሁለተኛ ዲግሪ!»

ልትስቅ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት። ሙዲን ደንግጦ ንፍሮ ዘገነላት።

ከክፍሉ ወዲያ ጥግ ስለ አስከሬኑ አወጣጥ እየተመከረ ነው። አሳንሰሩ ሬሳ ሣጥን አጋድሞ መያዝ አይችልም። የእድሩ ቃሬዛ እድሩ ራሱ ሲቀር ጠፍቷል። ሕንፃው ጎማ ያለው ጋሪ ያከራያል።

«በጋሪ አይወጣም፤» አሉ እትዬ ጠጂቱ። «ሲሚንቶ ነው እንዴ? በሰው ትከሻ ነው የሚወጣ።»

«ታዲያ በምን እንሸከማቸው?» አለ አንድ ሰው።

ስመኝ ጀርባዋን የሚገፋትን ነገር ቀስ ብላ ዞራ አየችው። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። ወርዱ ለአንድ ሰው ይበቃል።

«ሙዲን፣ ካቻቢቴ ይዘሃል?»

«መቼ ተለይቶኝ ያውቃል? ለምን?»

በሩን በጣቷ አጥንት ቆረቆረችው። ሙዲን በሩን አየ፣ አልጋውን አየ፣ እሷን አየ።

«ያ አላህ፤» አለ።

ስመኝ ግን መጀመሪያ ወደ እትዬ ጠጂቱ ሄዳ ጠየቀቻቸው። አሮጊቷ ብዙ አላሰቡም።

«ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ በር ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ሰው ነው፤» አሉ። «ይስማማዋል።»

በማግሥቱ ከማጠፊያዎቹ ሁለቱን ሙዲን ፈታ። ሦስተኛውን ስመኝ ራሷ ልፍታ አለች። ብሎኑ ዝጎ ነበር፤ መዳፏ ተላጠ። በሩ ከቦታው ሲላቀቅ የሞተሩ ክንድ አየሩን ሁለት ጊዜ ገፍቶ፣ የሚገፋው ሲያጣ፣ ቆመ። ግድግዳውም በዓረፍተ ነገሩ መሐል ዝም አለ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያን ዝምታ ሰማ።

ሣጥኑን በሩ ላይ አድርገው በገመድ አሰሩት። ሙዲንና ሦስት ጎረቤቶች ትከሻቸውን ሲያስገቡ ናሆም ከወንበሩ ተነሥቶ መንገዱን ዘጋ።

«ይህ በር የሕንፃው ንብረት ነው።»

«ነው፤» አለች ስመኝ።

«መልሱት።»

«ከቀብር መልስ እንነጋገራለን። ከፈለጋችሁ ስለ በሩ ክሰሱን፤ ስለ በሩ ብቻ። ከማጠፊያው ከወጣ እንደ ወንበርና እንደ ድስት ያለ ዕቃ ነው፤ ዕዳው ዋጋው ነው። ርክክብ ግን አልተፈጸመም። የሚዘጋ ነገር የለም።»

«እርስዎ የሕግ ተማሪ ነዎት።» የናሆም ድምፅ ዝቅ አለ። «ርክክብ ያደናቀፈ ሰው የጥብቅና ፈቃድ እንደማያገኝ ያውቃሉ? ስምዎን መመዝገብ ሊኖርብኝ ነው።»

ያውቃሉ ወይ የተባለውን ታውቃለች። ሌሊቱን ስታስበው ነው ያደረችው። እናቷ ለዚያ ፈቃድ ስትል የራሷን ፈረቃ ሸጣ እህቷ ዘንድ ጥገኛ ሆናለች።

«ስመኝ ተካ፤» አለች። «ጻፈው።»

ከኋላዋ እትዬ ጠጂቱ «አጥናፉ! አንተ ሰው!» ብለው ሙሾ አወጡ፤ ደረጃው ላይ ያለው ሁሉ ተቀበላቸው። በሩ በአራት ሰው ትከሻ ከፍ ብሎ ወደ ናሆም መጣ። ናሆም ሬሳ ሲያልፍ ሰው የሚያደርገውን አደረገ። እጁ ሳያዝዘው ቆቡን አወለቀ፤ እግሩ ሳያዝዘው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ለቀስተኛው በሙሉ ትራሱን ቤት ውስጥ ጥሎ አጠገቡ አለፈ። ሁሉም ካለፉ በኋላ ወደ ጋሽ አጥናፉ ክፍል ሄደ። ደፉ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ። የሚይዘው አልነበረም።

ከቀብር ሲመለሱ ሙዲን «በሩስ?» አለ። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ አስደግፈውት ነበር።

«ባለቤቱን አድርሷል፤ ይረፍ፤» አሉ እትዬ ጠጂቱ።

ሕንፃው አዲስ በር የሚገጥሙ ሠራተኞች ላከ። እትዬ ጠጂቱ ደፉ ላይ ተቀምጠው፣ ለቅሶ ቤት መዶሻ አይመታም፣ አርባው ይውጣ አሏቸው። ሠራተኞቹም እናት ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ተመለሱ። ከአርባው በፊት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገባ። ፍርድ ቤቱ እስኪወስን ያለው እንዳለ ይቆይ አለ። ያለው ደግሞ በር የሌለው ቤት ነው። ሦስቱ ቤተሰብ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ፣ ሙሉ ቀን ይኖራሉ። ክፍሉ ይጠባል። ሙዲን ቀን ያንኮራፋል። ስመኝ ከሁለት ሕፃናት እግር መሐል ትተኛለች፤ ጧት ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ስታርፍ ትነቃለች። ፍርዱ ምን እንደሚሆን አይታወቅም። የሚታወቀው ግን ከዚያ ወዲህ በሌላ ፎቅ አንዲት ሴት አርፋ ቃሬዛ መጥፋቱ ነው። ከዚያ በማዶው ሕንፃም ጠፋ። ክረምቱ ሲወጣ በየደረጃው ባዶ መቃን ማየት አዲስ ነገር መሆኑ ቀረ።

ስመኝ ጽሑፏን የምትከላከልበት ቀን አዳራሹ ከወትሮው ሞላ። ከኋላ ሙዲን የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ አጠገቡ እትዬ ጠጂቱ በጥቁር ነጠላ ተቀምጠዋል። ከፊት ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዶክተር ይርጋና ከውጭ የመጡ ሁለት ፈታኞች አሉ። የጥብቅና ፈቃድ እንደማታገኝ የሚገልጸው መልእክት የደረሳት ያን ዕለት ጧት ነው። ለማንም አልነገረችም።

ከፈታኞቹ አንዱ መነጽሩን አውልቀው «እንግዲህ ቀጥታ ልጠይቅሽ፤» አሉ። «እንደ ጽሑፍሽ ከሆነ፣ የሟቹ ፈረቃ የሚያበቃው መቼ ነው?»

ስመኝ መለሰች። የፊተኛው ረድፍ ላይ ያሉ ተማሪዎች ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አዩ። የሳቀ ግን አልነበረም።

«ድምፅሽን ጨምሪ፤» አሉ ዶክተር ይርጋ እንደ ልማዳቸው። «አንሰማሽም።»

ስመኝ ወረቀቶቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

«ቀረብ በሉ፤» አለች።

ፈታኙ ግራ ተጋብተው ዶክተር ይርጋን አዩ። ዶክተር ይርጋ ስመኝን አዩ። ከኋላ ሙዲን ሳቁን በሳል ሸፈነ። ስመኝ ቆማ ጠበቀች፤ መጠበቅን ከሕንፃው ተምራዋለች። ቆይቶ አንድ ወንበር ወለሉን እየፋቀ ወደ እሷ ተጠጋ፤ ከዚያ ሌላው።